የምክንያት ስንቅ

በጎጃም መንገድ ላይ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣ፣ አንዳንድ ጊዜም ሰላምታውን ቀድሞ የሚደርስ፣ ማንም መንገደኛ ሳይመልስ የማያልፈው አንድ ጥያቄ አለ፤ እርሱም «ወዴት ነው?» የሚለው ነው። ጠያቂው ዳኛ አይደለም፣ ኬላ ጠባቂም አይደለም፤ ብዙ ጊዜ በሬዎቹን አቁሞ ዕርፉን ተደግፎ የሚያርፍ ገበሬ፣ ወይም እንስራዋን አዝላ ከምንጭ የምትመለስ እናት ናት፤ ነገር ግን መንገደኛው ገበያ፣ ለቅሶ፣ ሰርግ፣ ተዝካር፣ ወፍጮ፣ ክስ ወይም የታቦት ንግሥ ብሎ ከነዚህ ባንዱ መዝገብ ስሙን ካላስገባ በቀር፣ የሚቀጥለውን ኮረብታ እስኪዞር ድረስ የጠያቂውን ዐይን በጀርባው ተሸክሞ ይሄዳል።

«እንዲሁ ደስ ብሎኝ ነው የምሄደው» የሚል መልስ በዚያ ሀገር ሲሰጥ አልሰማሁም። እንዲህ ብሎ የሚመልስ ሰው ቢገኝ፣ የመጀመሪያው ሰሚ ያዝንለታል፤ ሁለተኛው ጠበል ያመለክተዋል፤ ሦስተኛው ዘመዶቹ የት እንዳሉ ጠይቆ መልእክተኛ ይልክባቸዋል።

የተወለድሁት በእነብሴ ሳር ምድር፣ በመርጡለ ማርያም ነው፤ ይህች ደብር ትውፊት ከአብርሃና ከአጽብሐ ዘመን የሚያደርሳት፣ ንግሥት እሌኒ በ16ኛው መቶ ዓመት መባቻ ያማረ ቤተ ክርስቲያን ያሠራችባት፣ የጥንቱም ሕንፃ ፍራሽ የተቀረጸ ድንጋዩን ይዞ እስከ ዛሬ የቆመባት ናት። ፊደል ልቆጥር ወደ ዐውደ ምሕረቱ ስሄድ «ወዴት ነው?» እየተባልሁ፣ ስመለስም ያው የጠዋቱ ሰው እንደ ገና እየጠየቀኝ ስላደግሁ፣ ከሀሁ አስቀድሜ በቃሌ ያጠናሁት ትምህርት የዚህ ጥያቄ መልስ ነበር ማለት ይቻላል። ያሰለቸኝም ነበር። ባሕር ተሻግሬ በሰው ሀገር ስቀመጥ ግን ጥያቄው ከእኔው አፍ ወጣ።

የሰው ሀገር ያልሁት ስዊስን ነው። ለትምህርት በሄድሁበት ዘመን፣ ለእኛ ክረምት ለእነርሱ በጋ በሆነው ወራት፣ በሳንክት ጋለን ከተማ ባል፣ ሚስት፣ ሁለት ልጆችና አንዲት አያት በሚኖሩበት ቤት በእንግድነት ተቀምጬ ነበርና፣ አንድ ቅዳሜ ማታ አባ ወራው ከእራት በኋላ ገበታው ላይ ካርታ ዘርግቶ፣ በማግሥቱ በእግር ጉዞ እንደምንወጣ አበሠረ። «ወዴት ነው?» አልሁ። ጣቱን ከአንድ የባቡር ጣቢያ አነሣና፣ በተራራ ላይ አዙሮ፣ በሐይቅ ዳር አሳልፎ፣ መልሶ እዚያው ጣቢያ ላይ አሳረፈው። «ከዚያስ ምን እናደርጋለን?» ብለው፣ ቅንድቡን አንሥቶ አየኝና «ከዚያማ ወደ ቤታችን እንገባለን» አለኝ።

ያን ሌሊት ያ የጎጃም ገበሬ ዕርፉን ተደግፎ በልቤ ውስጥ ቆሞ ሲጠይቀኝ አደረ። ጤነኛ የሆኑ ሰዎች፣ ዕዳ የማይጠየቁ፣ ስእለት የሌለባቸው፣ እህል የሚያስፈጩበት ወፍጮ በአጠገባቸው ያለ፣ ከተነሡበት ሊመለሱ ለምን ይነሣሉ?

በማለዳ ደጃፉ ላይ ተረከዛቸው የወፈረ፣ ስብ የተቀቡ ጫማዎች በቁመት ተራ ተሰልፈው ጠበቁኝ፤ እማ ወራዋም የእኔን የከተማ ጫማ አገላብጣ መርምራ፣ በሐዘኔታ ራሷን ነቅንቃ፣ የባሏን አሮጌ ጫማ አመጣችልኝ። በሀገሬ ጫማ ያለው ሰው መንገዱን በባዶ እግሩ ይሄድና፣ ጫማውን በዱላው ጫፍ አንጠልጥሎ ከሰርጉ ቤት ወይም ከገበያው አጠገብ ካለው ወንዝ ሲደርስ፣ እግሩን ታጥቦ ያጠልቀዋል፤ ጫማ ለመድረሻ እንጂ ለመንገድ አልተፈጠረምና። መድረሻ የሌለው መንገድ የሚሄዱ ሰዎች እንግዲህ ጫማቸውን መንገድ ላይ ቢጨርሱት አይፈረድባቸውም።

አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ከተማ 42 ኪሎ ሜትሩን በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ ዓለም ስለ እግሩ ተደነቀ፤ በእኛ ሰፈር ግን የታወቁ አንዲት አሮጊት ወሬውን በጥሞና ሰምተው ሲያበቁ፣ ስለ ጫማው አንዳች ሳይናገሩ «ለመሆኑ ማን አሳዶት ነው?» ብለው ጠየቁ።

የስዊስ ሰው ጫማ ዐዋቂ መሆኑ ግን ለእኛ አዲስ ወሬ አይደለም። የሳንክት ጋለን ጎረቤት ከሆነው ከቱርጋው አውራጃ የመጣው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1871 ዓ.ም. ከሸዋ ሲደርስ፣ ያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ከሰጡት ከመጀመሪያዎቹ ትእዛዞች አንዱ ጫማ እንዲሠራላቸው ነበር እየተባለ ይነገራል፤ የቧንቧው ውሃና የምድር ባቡሩ ዐሳብ የመጣው ኋላ ነው። ይህን ለአባ ወራው ብነግረው ከንጉሡ ይልቅ ጫማውን አሰበና «ተስማማቸው?» አለኝ።

ከጫማው ቀጥሎ ለእያንዳንዳችን ሁለት ሁለት በትር ታደለን። በጎጃም ወንድ ልጅ ያለ ዱላ ከቤቱ አይወጣም፤ ነገር ግን ዱላው አንድ ነው፤ ሁለት ይዞ የሚታይ ሰው ወይ አንዱን ለወንድሙ ይዞለት ወደ ጠብ የሚሄድ፣ ወይም ከጠብ ሲመለስ አንዱን የማረከ መሆን አለበት። ስድስት ሰዎች ዐሥራ ሁለት በትር ይዘን ወደ ባቡር ጣቢያው ስንወርድ፣ ሃይማኖተኛ የሆነው የከተማው ሕዝብ ወደ ጸሎት ቤቱ እየሄደ፣ አንድ ሰው እንኳ ሊገላግለን አልቀረበም።

በባቡር ከአፐንትሴል አልፈን ቫሰርአውኤን ከተባለው ጣቢያ ወረድን፤ ከዚያም በገመድ የተንጠለጠለ ሠረገላ ኤበንአልፕ ከተባለው አምባ አወጣን። ልብ በሉ፤ ለእግር ጉዞ ወጥተን እስካሁን እግራችን አልሠራም። የአምባው ከፍታ 1,640 ሜትር መሆኑን አባ ወራው በኩራት ነገረኝ። ደብረ ማርቆስ ከተማ ከ2,400 ሜትር በላይ መቀመጧን፣ የጮቄ ተራራም ከ4,000 ሜትር ማለፉን ዐውቃለሁ፤ በእኛ ስሌት ይህ ተራራ መውጣት ሳይሆን ወደ ዐባይ በረሃ መውረድ መጀመር ነው፤ ነገር ግን ዝም አልሁ። የሰውን ተራራ በፊቱ ዝቅ ማድረግ ልጁን ከማናናቅ አይተናነስም።

በዚያ ሀገር ተራራ ላይ ወዳሉት ማረፊያ ቤቶች ዱቄቱና ጠርሙሱ ብዙ ጊዜ በገመድ ተንጠልጥሎ ይወጣል፤ ዱቄቱን የሚበላው ባለጠጋ ግን ላቡን እየጠረገ በእግሩ ይከተለዋል። ይህ ከእኛ ሥርዓት ፍጹም የተገለበጠ ነው። በእኛ ዘንድ ጭነቱ በአህያና በድኻ ጀርባ፣ መኰንኑ በበቅሎ ይሄድ ነበር፤ የሰውየውም ማዕረግ የሚታወቀው እግሩ ከመሬት በራቀበት መጠን ነበር። የጎጃሙ ገዥ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ጋር አውሮፓን ሲጎበኙ፣ ከተቀበሏቸው ባለሥልጣኖች አንዱ «ነገ ለደስታ ተራራ እንውጣ፤ በእግር» ቢላቸው ኖሮ፣ ግብዣ መሆኑን ትተው የግዞት ፍርድ ነው ብለው ነገሩን ለጠበቃ ሳይሰጡት አይቀሩም ነበር።

የእግሩ መንገድ የሚጀምርበት ስንደርስ ቢጫ ሰሌዳ ተተክሎ አገኘን። ሰሌዳው የቦታውን ስምና ከዚያ ለመድረስ የሚፈጀውን ሰዓት ይናገራል እንጂ ኪሎ ሜትር የሚባል ነገር አልተጻፈበትም፤ ይህን ባየሁ ጊዜ የሀገሬን ሊቅ በሰው ሀገር ያገኘሁ መሰለኝ። እኛም መንገድን የምንለካው በጊዜ ነው፤ «የግማሽ ቀን ነው»፣ «የቁርስ መንገድ ናት»፣ «ማልደህ ብትነሣ ለቀትር ትደርሳለህ» እንላለን። ልዩነቱ፣ የእነርሱ ሰሌዳ 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ካለ በ1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ መድረሱ ነው፤ የእኛ ገበሬ ግን በአገጩ ወደ ማዶ እያመለከተ «ይቻት፣ እዚሁ ናት» ያላት መንደር ፀሐይ ስትጠልቅም ከፊት ለፊት ናት፤ ይህንም የሚያደርገው ሊዋሽ ሳይሆን መንገደኛውን ሊያጽናና ነው። ሰሌዳ ደግሞ ርኅራኄ የለውም።

አባ ወራው እንዳስረዳኝ፣ ስሌቱ የተሠራው በሜዳ ላይ በሰዓት ከ4 ኪሎ ሜትር ጥቂት ዘለል በሚል ርምጃ ሲሆን፣ ዳገቱና ቁልቁለቱ ተጨምሮበት ይታሰባል። እንዲህ ያለ ሰሌዳ ያለበት የእግር መንገድ በዚያች ትንሽ ሀገር ዛሬ ወደ 65,000 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ መንገዶቹን የሚጠብቀውም ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1934 ተቋቋመ። ይህም አልበቃ ብሏቸው በየካቲት 1971 ዓ.ም. ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ የእግር መንገዱ ነገር በሕገ መንግሥቱ እንዲጻፍ አደረገ። በእኛ ሀገር የዚያ ዘመን የካቲት ሰው በእግሩ የሚሄደው ስለ ሌላ ምክንያት ነበርና፣ በዚህ አንቀጽ ላይ ብዙ አልናገርም።

አንድ ነገር ግን እጅግ ደስ አሰኘኝ። በከተማ እርስ በርሱ ሳይተያይ የሚተላለፈው ያ ሁሉ ሕዝብ፣ እግሩ ተራራውን ሲረግጥ ሰላምተኛ ይሆናል፤ የሚወጣው ለሚወርደው፣ ሽማግሌው ለሕፃኑ፣ የማይተዋወቀው ለማይተዋወቀው «ግሩየትሲ» ሳይል አያልፍም። እኔም የሀገሬ ደም ተነሣሥቶብኝ ሰላምታውን በአንድ ቃል መተው ነውር መስሎ ስለ ታየኝ፣ ለመጀመሪያው ሽማግሌ ቆም ብዬ ስለ ጤናው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱና ስለ አዝመራው በቅደም ተከተል ጠየቅሁት። ሰውየው የባንክ ጸሓፊ ነበር። ሆኖም ቆሞ ሁሉንም አንድ በአንድ መለሰልኝ፤ ስለ ከብቱ ስጠይቀው ብቻ ጥቂት አሰበና ድመት እንዳለው ነገረኝ።

ቁልቁል ስንወርድ መንገዱ በገደሉ ወገብ ወዳለ ዋሻ አስገባን፤ ስሙም ቪልትኪርህሊ ይባላል። በዋሻው አፍ በሊቀ መላእክት በሚካኤል ስም የተሠራ ትንሽ ጸሎት ቤት አለ፤ ከ1658 እስከ 1853 እ.ኤ.አ. ድረስም ባሕታውያን እየተተካኩ በዚያ በብሕትውና ኖረዋል። ከእነርሱ በፊት ደግሞ ሌሎች ነዋሪዎች ነበሩ፤ ከ1904 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዋሻውን የቆፈሩ ሊቃውንት የዋሻ ድብ አጥንትና የጥንት ሰው የድንጋይ መሣሪያ አግኝተውበታልና። እኔ ባርኔጣዬን አውልቄ ወደ መሠዊያው እጅ ነሣሁ። ለካ በዚህም ሀገር «ወዴት ነው?» ለሚል ሰው የሚበቃ መልስ የነበረው መንገደኛ ኖሯል።

አያቲቱ፣ ዕድሜአቸው ከሰባ ያለፈ፣ በልቤ እማሆይ እያልሁ የምጠራቸው፣ በዚህ ጊዜ የከተማቸውን አባት የቅዱስ ጋሉስን ገድል አወሩልኝ። ጋሉስ በ612 እ.ኤ.አ. አካባቢ ኋላ ከተማው በቆመበት ጫካ በኣቱን ሲቀልስ ድብ መጣበት፤ እርሱም ድቡን አዝዞ ለእሳቱ እንጨት አስመጣው፤ ዋጋውንም በዳቦ ከፈለው፤ ከበኣቱም በኋላ ገዳም፣ ከገዳሙም በብራና መጻሕፍቱ የታወቀው ቤተ መጻሕፍት ተገኘ። እኔ ደግሞ የዝቋላውን አባታችንን አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ከ60 አንበሶቻቸውና ከ60 ነብሮቻቸው ጋር አቀረብሁላቸው። እማሆይ 120ውን አውሬ በዐሳባቸው በዋሻው ውስጥ አሰልፈው ከቈጠሩ በኋላ «እኛ ትንሽ ሀገር ነን፤ አንድ ድብ ይበቃናል» አሉኝ።

ከባሕታውያኑ ዋሻ ጥቂት እልፍ ሲሉ፣ ጀርባውን ለገደል የሰጠ፣ ጣሪያው ቋጥኝ የሆነ የእንግዶች ማረፊያ አለ፤ ከውስጡም የቅቤና የሽንኵርት ሽታ ይወጣል። በእኛ ገድላት እንዲህ ያለ ሽታ ወደ ባሕታዊ ዋሻ ሲመጣ ማን እንደ ላከው ይታወቃል፤ ባሕታዊውም አማትቦ ያባርረዋል። እነርሱ ግን ሾርባ ይሉታል።

ያ ቀን ለእኔ ተራ ቀን እንዳልነበረ እዚህ ላይ መናገር ይገባኛል። ወሩ ነሐሴ፣ ጾሙ ፍልሰታ ነበር፤ በሀገሬ ሕፃናት እንኳ የሚጾሙት፣ ሊቃውንቱ በውዳሴ ማርያም ትርጓሜ፣ ምእመናኑ በሱባዔ የሚሰነብቱበት ወራት ነው። ጉሙ ተራራውን ተከናንቦ ሳለ ከራሳችን በላይ፣ ዐይን ከማያይበት ከፍታ፣ የላሞች ቃጭል ይሰማ ነበር፤ ልጆቹም ወተቱ በዓለም ላይ አቻ የሌለው መሆኑን፣ ከዚያ የሚሠራውም ዐይብ ስሙ ሩቅ የተሰማ መሆኑን ማለልኝ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብሎ የተረተው የሀገሬ ሰው ይህን ሥፍራ ሳያይ እንዴት ሊያውቀው ቻለ? ላሞቹ በሰማይ ናቸው፤ እኔ ጾመኛ ነኝ፤ ተረቱ ፊደሉ ሳይጐድል ተፈጸመብኝ።

ከዋሻው ከወረድን በኋላ ዜአልፕዜ ከተባለው ሐይቅ ደረስን። ውሃው በረዶ ከሚቀልጥበት ተራራ ሥር የተኛ ስለ ሆነ እጅ ሲነክሩበት አጥንት ድረስ ይሰማል፤ ልጆቹ ግን ልብሳቸውን ጥለው እየጮኹ ዘለሉበት። እማሆይም በጸጥታ ወደ ቋጥኙ ጀርባ ሄደው በመዋኛ ልብስ ተመለሱ፤ አንዳች ሳይሉ እስከ አንገታቸው ገቡ፤ ወዲያና ወዲህ ዋኝተውም እንዲሁ በጸጥታ ወጡ። ቀዝቃዛ ጠበል ሲነካው የሚለፈልፍ መንፈስ በእኛ ሀገር ብዙ ነው፤ ስሙን ይናገራል፣ የያዘበትንም ቀን ይመሰክራል። በእማሆይ ላይ የተናገረ አልነበረም። ንጽሕናቸው በእኔ ዘንድ በዚህ ተረጋገጠ።

ከዚያ የምሳ ሰዓት ሆነ፤ የጨዋታውም ራስ ይህ ነበር። እማ ወራዋ ለሰንበት የጋገረችውን እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ዳቦ ከከረጢቷ አወጣች፤ ስጠይቃት ቅቤ፣ ወተትና ዕንቁላል እንዳለበት ነገረችኝ። አባ ወራው እሳት አንድዶ የሳንክት ጋለንን ነጭ ቋሊማ ጠበሰ፤ ይህ ቋሊማ የጥጃና የዐሣማ ሥጋ በወተት ተለውሶ የሚሠራ፣ ከሦስት ወገን ለእኔ ክልክል የሆነ መብል ነው። በመጨረሻ ከከረጢቱ ግርጌ ቡርሊ የሚሉት ክብ ዳቦ ተገኘ፤ ዱቄት፣ ውሃ፣ እርሾና ጨው ብቻ መሆኑን ሦስት ጊዜ ጠይቄ ተቀበልሁት። ማባያ ሳሰላስልም በሐይቁ ዳር ካለው ምግብ ቤት አንድ ማሰሮ ሰናፍጭ ታየኝ።

ሰናፍጭ! የጾም ወዳጅ፣ የድኻ ወጥ! ዘልዬ ገዛሁና በዳቦዬ ላይ አንጠፈጠፍሁት። ገና ስጎርስ ግን በቤተ ሰቡ ላይ ታላቅ ጸጥታ ወደቀ። የሳንክት ጋለን ሰው ቋሊማውን በሰናፍጭ መብላት ድፍረት፣ ሥጋ ሻጩንም መሳደብ አድርጎ እንደሚቆጥረው፣ ይህም ሕግ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የመጣ መሆኑን ያን ጊዜ ተማርሁ። ማሰሮውን በገበታቸው ላይ ማየቱ ብቻ አስጨንቋቸው ነበር። «እኔኮ ቋሊማውን አልነካሁም» ብል፣ አባ ወራው እንደ ጥሩ ዳኛ ጥቂት ካመነታ በኋላ፣ ሕጉ ስለ ቋሊማ እንጂ ስለ ሰናፍጭ የሚናገረው ስለሌለ ነጻ ነህ ብሎ ፈረደልኝ። እንግዲያው እነርሱ ሰናፍጭ የሌለበትን ቋሊማ፣ እኔ ቋሊማ የሌለበትን ሰናፍጭ፣ ሁላችንም ስለ ሃይማኖታችን እየበላን ተቀመጥን።

ስለ ጾም ሳወራላቸው እማ ወራዋ እነርሱም በሴፕቴምበር ሦስተኛው እሑድ በመንግሥት የታወጀ የጸሎትና የንስሓ ቀን እንዳላቸው፣ ይህም ከ1832 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሀገሩ ሁሉ በአንድ ቀን እንዲከበር መወሰኑን ነገረችኝ። «ያን ቀን ምን ትጾማላችሁ?» ብል፣ ዐይኗ በርቶ «ያን ቀንማ የፕሪም ኬክ እንጋግራለን!» አለችኝ። ንስሓ እንዲህ ሲሆን የሚበዛው ኀጢአተኛ ነው።

ቀኑ ነሐሴ 13 መሆኑ ትዝ ያለኝ በዚህ መካከል ነው። ደብረ ታቦር፤ ቡሄ! በዚያች ሰዓት በመርጡለ ማርያም ሙልሙሉ ተጋግሮ፣ ጅራፉ ከማዶ ማዶ እየተጠያየቀ ይጮኻል። ከአንድ እረኛ የሲባጎ ገመድ ለምኜ ገምጄ፣ በሐይቁ ዳር ቆሜ ጅራፌን ባጮኸው፣ ገደሉ ተቀብሎ መለሰው፤ ልጆቹም ምሳቸውን ትተው ከበቡኝ። አባ ወራው በሽቪትስ አውራጃ ሰዎች ጃንዩወሪ 6 ቀን፣ በጥምቀታቸው ዕለት፣ ጅራፍ እንደሚያጮኹ ነገረኝና «እናንተስ ለምን ታጮኹታላችሁ?» አለኝ።

እኔም ጌታ ሦስቱን ደቀ መዛሙርት ይዞ ወደ ረጅም ተራራ መውጣቱን፣ በዚያ ብርሃኑን መግለጡን፣ የአብም ድምፅ መሰማቱን፣ ጅራፉ የዚያ ድምፅ ምሳሌ መሆኑን፣ ጴጥሮስም ተራራው ጥሞት ሦስት ዳስ እንሥራ ማለቱን ተረኩላቸው። ስጨርስ እማሆይ ጸጉራቸውን እያደረቁ «ወዴት እንደሚሄዱ አስቀድሞ ተነግሯቸው ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። እንዳልተነገራቸው መለስሁ። «ወጥተው አዩ፣ ደስ አላቸው፣ ወደ ቤታቸው ወረዱ፤ እንግዲህ ይኸው ነው» አሉኝ። የዲማ ጊዮርጊስ መምህራን ይህን ትርጓሜ ምን ይሉት እንደ ሆነ እንጃ፤ እኔ ግን ከአንድምታው ዳር ጽፌዋለሁ።

ከዚያ ሐይቅ በሰሌዳው ሰዓት መሠረት ወርደን ከጠዋቱ ጣቢያ ገባን፤ ሁሉም ተሳስመው «እንዴት ያለ መልካም ቀን ነበር!» ተባባሉ። በዚያው ሳምንት ይህን ሁሉ ለእናቴ ጻፍሁላት። ደብዳቤ ባሕር ተሻግሮ፣ ደብረ ማርቆስ ደርሶ፣ ከዚያ በሰው እጅ መርጡለ ማርያም እስኪገባ፣ አንባቢ ተፈልጎ መልሱ እስኪጻፍ ድረስ የመንገዱን ርዝመት አውቃለሁና፣ በመካከሉ የራሴን ሀገር መንገደኞች በዐሳቤ ስመረምር ሰነበትሁ።

በመጀመሪያ የመጡልኝ አንድ የወሰን ሙግተኛ ሽማግሌ ናቸው። የሚከራከሩበት መሬት በሬ ተጋድሞ የማይበቃው ነበር፤ እርሳቸው ግን ስለ እርሱ ደብረ ማርቆስ ድረስ በእግራቸው እየተመላለሱ ዘመን ቈጠሩ። ስንቃቸውን አንግተው ሲነሡ ፊታቸው ይበራ፣ በየመንደሩ ወዳጅ ያፈሩ፣ የየሀገሩን ጠላ ጣዕም በየስሙ ያውቁ ነበር፤ ከባለ ጋራቸውም ጋር ቀጠሮው አንድ ስለ ሆነ አብረው እየሄዱ፣ አብረው እያደሩ፣ ስንቃቸውን እየተካፈሉ ይሟገቱ ነበር። በመጨረሻ ተፈረደላቸው፤ ሀገር እልል አለ። ከዚያ በኋላ ሽማግሌው ከደጃቸው ተቀምጠው ወደ መንገዱ እያዩ ከሱ፣ ጠወለጉ፤ ምግብም እንቢ አላቸው። አንድ ማለዳ ግን ብድግ ብለው የወሰኑ ድንጋይ የተነቀነቀ እንደሚመስላቸው ተናገሩ። ባለ ጋራቸው ይህን ሲሰሙ በደስታ ስንቅ አስቋጠሩ።

ቀጥላ የመጣችልኝ ጎረቤታችን ናት፤ ሦስት ዕንቁላል በጨርቅ ቋጥራ በየሳምንቱ ገበያ የምትወርድ፣ ጓደኞቿን አግኝታ ውላ፣ ወሬውን ሰምታ፣ ዋጋው አልተስማማኝም ብላ ዕንቁላሏን ይዛ የምትመለስ። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ለዚህች ሴት ዕንቁላሎች ይመስለኛል፤ ከብዙ ሰው ይልቅ ሀገር አይተዋል። ዘመድ ጥየቃ የምንለውስ? ያ ዘመድ አብዛኛውን ጊዜ የሚኖረው ወንዙ ካማረበት፣ ጠላው ከጠራበት ሀገር ነው፤ በደረቅ ቆላ ያለውን ዘመዳችንን እግዚአብሔር ይጠይቀው እያልን እንተወዋለን።

የእኛ ሰው መንገድን የሚጠላ አይደለም፤ በመንገድ መደሰቱ እንዳይታወቅበት የሚያፍር ነው እንጂ። ስለዚህ ከበሶውና ከዳቦ ቆሎው ጋር አንድ ምክንያት ቋጥሮ ይወጣል፤ «ወዴት ነው?» ሲባልም ያንን ከቋጠሮው አውጥቶ ያሳያል፤ ጠያቂው ገበሬም ነገ ለራሱ መንገድ የሚያስፈልገውን መልስ ስለሚያውቅ፣ ጠበቅ አድርጎ ሳይመረምር ያሳልፈዋል። የስዊሱ መንገደኛ ስንቁን ሁሉ ይዞ ይህችን ብቻ ረስቶ ይወጣል።

የእናቴ መልስ ከብዙ ጊዜ በኋላ ደረሰ፤ በጎረቤት ደብተራ እጅ ስለ ተጻፈ ግማሹ ሰላምታ፣ ሩቡ ግእዝ ነበር። ከመጨረሻው ግን የራሷ ቃል ነበረበት፦ እነዚያ ደጋግ ሰዎች በከንቱ መንከራተታቸው እንዳሳዘናት፣ በዚያ ተራራ ማዶ አንድ ዘመድ እንኳ ባይጠፋቸው ዘመድ ጥየቃ ይሆንላቸው እንደ ነበር፣ እኔም ይህን በትሕትና እንድመክራቸው አዝዛ ነበር። በእራት ላይ ቃል በቃል ተረጐምሁላቸው።

አባ ወራው ምክሩን በደስታ ተቀበለው። ካርታውን ዘረጋና፣ ከአንድ ኮረብታ ማዶ ዓመታት ያላያት አክስቱ መኖሯን አስታወሰ፤ ለእሑድም ወደ እርሷ በእግር ልንሄድ ተቈረጠ። እሑድ ማለዳ ጫማው ተሰልፎ፣ በትሩ ታድሎ፣ ሁላችን ደጃፍ ላይ ስንቆም እማሆይ ብቻ በተንጣለለው ወንበራቸው ላይ ጋዜጣቸውን ይዘው ተቀምጠው ነበር። አባ ወራው ለምን እንደማይነሡ ቢጠይቃቸው፣ ዐይናቸውን ከጋዜጣው ሳያነሡ «ዘመድ ካለበትማ ሥራ ነው፤ እኔ በሰንበት ሥራ አልሠራም» ብለው ቀሩ።